የተበላሸ መልእክት ራሱን እንዴት ያርማል?



በመገናኛ ራዲዮ ቁጥር ሲተላለፍ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ተናጋሪው አንዱን ቁጥር ደጋግሞ ሲጠራ ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። በመካከል ሺ የሚል ድምፅ ይገባና «ስምንት» የተባለው «አምስት» ተብሎ ይሰማል፤ በዚህም የአንዱ ቤተሰብ መልእክት ለሌላው ሊደርስ ይችላል። መድገም ይረዳል፤ ነገር ግን ሦስት ጊዜ የሚደግም ሰው በዚያው ሰዓት ሦስት የተለያዩ መልእክቶች ማድረስ በቻለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን አንድ አስገራሚ ነገር በሒሳብ አረጋገጠ። የመላኪያው ፍጥነት ከተወሰነ ልክ እስካላለፈ ድረስ፣ ረባሽ ድምፅ ባለበት መስመርም ቢሆን ስህተትን የፈለግነውን ያህል ማሳነስ ይቻላል። ይቻላል አለ እንጂ የሚሠራበትን ዘዴ አላሳየም።

አሁን እርሳስና ወረቀት አንሡ። መልእክታችን 101፣ 111፣ 001 ነው እንበል። በየረድፉ መጨረሻና በየዓምዱ ግርጌ ድምሩን ተጋማሽ (ለ2 እኩል የሚካፈል) የሚያደርግ አንድ ተቆጣጣሪ ቁጥር እንጨምር፦

1 0 1 0
1 1 1 1
0 0 1 1
0 1 1 0

በጉዞ ላይ የ2ኛው ረድፍ 3ኛ ቁጥር ወደ 0 ቢለወጥ፣ የ2ኛው ረድፍና የ3ኛው ዓምድ ድምር ጎዶሎ ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ስህተቱ ነው፤ ተቀባዩ «ድገምልኝ» ሳይል ያርመዋል። ይህን የመሰለውን የረድፍና የዓምድ ዘዴ በ1954 ያቀረቡት ፒተር ኢልያስ ናቸው።

የኢልያስ ተማሪ የነበሩት ሮበርት ጋላገር በ1931 በፊላደልፊያ ተወለዱ። በ1960 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዶክትሬታቸውን ሲሠሩ ከዚህ ራቅ ብለው ሄዱ። መልእክቱን በጣም ረጅም አደረጉት፤ እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ ግን ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ፣ እነዚያንም ከተራራቀ ቦታ ለቅሞ እንዲጠብቅ ወሰኑ። ሥራው ከሽምግልና ጋር ይመሳሰላል። አንዱ ሽማግሌ ከነገሩ ጥቂቱን ብቻ ያውቃል፤ ያወቀውን ለሌሎቹ ያካፍላል፣ እነሱም ግምታቸውን አስተካክለው ይመልሱለታል። እንዲህ እየተመላለሱ ብዙ ስህተት አንድ በአንድ ይጠራል።

ዘዴው ትክክል ነበር፤ ዘመኑ ግን አልደረሰለትም። ያን ሁሉ ምልልስ የሚያሰላ ኮምፒውተር በ1960 ስላልነበረ ሥራው ከ30 ዓመት በላይ ከጥቂቶች በቀር የሚያስታውሰው አጣ። ጋላገር ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በዚያው ተቋም ፕሮፌሰር ሆነው አስተማሩ፤ በ1968 ስለ ኢንፎርሜሽን ቲዎሪ ብዙ መሐንዲሶች የተማሩበትን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ኋላም ወደ ኮምፒውተር መረቦች ጥናት አዘነበሉ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዴቪድ ማካይና ራድፎርድ ኒል ዘዴውን በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲሞክሩት ሻነን ወደ ወሰነው ልክ እጅግ ተጠግቶ ተገኘ። ዛሬ በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በዋይፋይና በአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ስልክ ውስጥ ይሠራል። ጋላገር በ2020 ለጃፓን ሽልማት ሲመረጡ ያ የተማሪነት ሥራ 60 ዓመቱ ነበር።

መልመጃ

1. ከዚህ በታች የደረሰው መልእክት አንድ ስህተት አለበት። የትኛው ነው?

0 1 1 0
1 0 0 1
0 1 0 0
0 0 1 1

2. በአንድ ረድፍ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ቢበላሹ ተቆጣጣሪዎቹ ምን ያሳያሉ? ስህተቱን ማረም ይቻላል? ምክንያታችሁን ጻፉ።