ከእግራችን በታች ምን አለ? ከጉድጓዱ ውሃ እስከ ዓለም ማዶ



ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት አፈጣጠር ብዙ ትምህርቶችን ሰምተናል። የዛሬው ትምህርታችን ወደ ታች ነው። ከምንተኛበት ዶርም፣ ከምንሰግድበት ምንጣፍ፣ ከተከራየነው ቤት ወለል ሥር ምን አለ? አዲስ አበባን ለምሳሌ እንውሰድ። ከአንድ ግቢ ተነስተን በምድር መሃል ቀጥ ብለን ብንወርድ፣ በሌላኛው በኩል እስክንወጣ 12,750 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጓዛለን። በጉዞው ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ከዚህ ሁሉ ርቀት የሰው እጅ ሊያበላሸው የሚችለው የላይኛውን ስስ ንብርብር ብቻ ነው። የምንጠጣውም ከዚያው ነው።

1. የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች፦ ውሃችን

ከአፈሩ በታች ያለው አለት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ብዙዎቻችን የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ከመሬት ሥር የተኛ ሐይቅ ወይም የሚፈስ ወንዝ ይመስለናል። አብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ውሃው ያለው በአለቱ ስንጥቆችና በጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። እንጦጦና በዙሪያው ባሉ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከፊሉ ይሰርግና ቀስ እያለ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ አቅጣጫ ይጓዛል። ከተማው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ ይስባል። ስለዚህ ዛሬ ዉዱእ ያደረግንበት ውሃ ከዓመታት በፊት የዘነበ ዝናብ ሊሆን ይችላል።

በጥልቀት የወረደ ውሃ ደግሞ ይሞቃል፤ ስንጥቅ ሲያገኝም ተመልሶ ይወጣል። የፍልውሃ ምሥጢር ይኸው ነው። አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ወደ ቦታው የሳባቸው ይህ ፍልውሃ ነበር።

የሱረቱል ሙልክ የመጨረሻ አንቀጽ የሰው ልጅ ውሃው ወደ ምድር ቢሰርግበት ማን ሊያመጣለት እንደሚችል ይጠይቃል። ጥያቄው የሩቅ ጊዜ ጥያቄ አይደለም። ከሚሰርገው በላይ በተሳበ ቁጥር የጉድጓድ ውሃ ወደ ታች ይሸሻል።

2. እኛስ ምን እያወረድንበት ነው?

ዝናብ የሚሰርግበት መንገድ ቆሻሻም የሚሰርግበት ነው። መጸዳጃ ቤታችን ጉድጓድ ከሆነ ፍሳሹ ይወርዳል። አፈር ብዙውን ጀርም አጣርቶ ያስቀራል፤ አለቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ማጣሪያ የለም። ከሰው ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ደግሞ በውሃ ስለሚሟሟ አፈሩም አያስቀረውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው የናይትሬት መጠን በሊትር እስከ 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ያለፈው በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም የናይትሬቱ ድርሻ ይጨምራል።

በዘርፉ የሚሠራበት መነሻ ልክ ይህ ነው፦ መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድሩ ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። በተሰነጠቀ አለት ላይ 30 ሜትርም ላይበቃ ይችላል።

ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፉቀሃዎቻችን ለውሃ ጉድጓድ «ሐሪም» የሚባል የተከለለ ዙሪያ ነበራቸው፤ ሌላ ሰው በዚያ ክልል ውስጥ ቆፍሮ የቀደመውን ሰው ውሃ እንዳይጎዳ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አል-ከረጂ የተባለው የሒሳብ ሊቅ የተደበቀ ውሃን ስለማውጣት ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፏል።

3. ወደ ጥልቁ

ከውሃው አልፈን እንውረድ። የሰው ልጅ የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ ሶቪየት ኅብረት በኮላ ባሕረ ገብ መሬት በ1970 የጀመረችው ነው። በ1989 12,262 ሜትር ደረሰ፤ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ ስለተገኘ ከዚያ በላይ መግፋት አልተቻለም። ከጠቅላላው ጉዟችን ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም!

ከዚያ በታች ያለውን የምናውቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በምድር ውስጥ ሲያልፍ ከሚያሳየው ለውጥ ነው። በኢትዮጵያ ከፍታዎች ሥር ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ማንትል የተባለው ትኩስ አለት እስከ 2,890 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ከእሱ በታች የቀለጠ ብረት የሞላበት ውጫዊ እምብርት አለ። ከ5,150 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ ማዕከሉ ደግሞ ጠጣር ብረት ነው፤ ይህንን በ1936 የደረሰችበት ኢንገ ሌማን የተባለች የዴንማርክ ተመራማሪ ናት።

የቀለጠው ብረት ሲንቀሳቀስ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። በስልካችን ቂብላ ስንፈልግ መርፌውን የሚያዞረው ከ2,890 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ይህ ብረት ነው። (ብረት አልጋ አጠገብ ሲሆን የሚሳሳተውም የቅርቡ ብረት ስለሚያምታታው ነው።)

4. ዓለም ማዶ

ከአዲስ አበባ ቀጥ ብለን ስንወርድ የምንወጣው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከማርኬሳስ ደሴቶች በስተ ምዕራብ ነው። እዚህ ፀሐይ ስትወጣ እዚያ ትጠልቃለች፤ እኛ የሱብሒን ሶላት ጨርሰን ስንወጣ እዚያ መግሪብ ሊደርስ ነው። የሚገርመው፣ በአፍሪካ ሥር ከማንትሉ ግርጌ የሚነሳ ግዙፍ ትኩስ የአለት ክምችት አለ፤ መሬታችንን ከፍ ያደረገውና ስምጥ ሸለቆውን ለመክፈት ያገዘው እሱ ነው ይላሉ ተመራማሪዎች። የእሱ አምሳያ የሆነው ሁለተኛው ክምችት የሚገኘው ደግሞ በፓስፊክ ሥር ነው።

መካ ከአዲስ አበባ 1,380 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ አቅጣጫዋም ከሰሜን በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከዚህ ወደ ካዕባ በምድር ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር፣ መሃሉ ላይ ከ37 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ ያልፋል። ከመካ ፍጹም ተቃራኒ የሆነችው ነጥብ ያለችው ከቴማታንጊ ደሴት አጠገብ፣ በባሕር ላይ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ የቆመ ሰው ወደየትም ቢዞር ወደ ካዕባ ያለው ርቀት እኩል ነው። ሱብሓነላህ!

5. ታዲያ ምን እናድርግ?

እምብርቱንም ማንትሉንም አላህ ከእጃችን አርቆታል። አማናው ያለብን በላይኞቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ነው። ስለዚህ፦

ሀ. ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስንሄድ በመጸዳጃውና በውሃ ጉድጓዱ መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ እንለካ። የጎረቤትንም እንቁጠር፤ የእኛ መጸዳጃ የእነሱን ውሃ ሊበክል ይችላልና።

ለ. የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሕፃን በቤት ካለ፣ ውሃው እንዲመረመር ቤተሰቡን እናስረዳ።

ሐ. ያገለገለ የመኪና ዘይት፣ ባትሪና የላብራቶሪ ኬሚካል መሬት ላይ አናፍስ።

መ. ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ይህም አንድ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የተከፈተ ቧንቧ ግን በአንድ ደቂቃ ከአምስት ሊትር በላይ ሊያፈስ ይችላል።

ለሐለቃ ውይይት፦ አንድ ሰው በገዛ ግቢው የሚቆፍረው ጉድጓድ ጎረቤቱን ቢጎዳ «መሬቱ የራሴ ነው» የሚለው መልስ ይበቃዋልን? ከመሬት በታች የሚጓዘው ውሃስ የማን ነው?

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።