የሌላውን ሰው ቃል በእንግሊዝኛ ስለ ማድረስ

ከአንድ ሰው አፍ የወጣውን ቃል ለሌላ ሰው ማድረስ በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው ተናጋሪው እንደ ተናገረ ቃሉን ሳይለውጡ መናገር ነው፤ ይህም ቀጥተኛ ንግግር ይባላል። ሁለተኛው የቃሉን ነገር ተቀብሎ በአድራሹ አነጋገር መናገር ነው፤ ይህም ቀጥተኛ ያልሆነ ንግግር ይባላል። ሁለቱም በአማርኛ አሉ። «እናቴ ታምሜአለሁ አለች» ቢባል የመጀመሪያው ነው፤ «እናቴ እንደ ታመመች ተናገረች» ቢባል ሁለተኛው ነው። ነገር ግን አማርኛ የመጀመሪያውን አብልጦ ይወዳል። «ታምሜአለሁ አለች» በተባለ ጊዜ የታመመችው እናቲቱ እንጂ ልጁ እንዳልሆነ ሰሚው ያውቃልና ማንም አይሳሳትም።

እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ልጅ እናቱ በቤት ታማ ተኝታ ሳለች፥ እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚያውቅ ሐኪም ተላከ እንበል። ልጁ የአማርኛውን ስልት ይዞ «ማይ ማዘር ሴድ አይ አም ኢል» ቢል፥ ሐኪሙ የሚሰማው «እናቴ እኔ እንደ ታመምሁ ተናገረች» የሚለውን ነው። ስለዚህ የልጁን ትኩሳት ይለካል፤ ምላስህን አውጣ ይለዋል፤ እናቲቱ ግን መድኃኒት ሳታገኝ ትውላለች። ልጁ አልዋሸም። ነገር ግን «እኔ» ማለት የሆነችውን «አይ» የምትባለውን ቃል ሳይለውጥ ስለ ተወ መልእክቱ ጠፋ። ሊናገር የሚገባው «ማይ ማዘር ሴድ ዛት ሺ ዎዝ ኢል» የሚለውን ነበረ። «ሺ» ማለት «እርስዋ» ነው።

በዚህ ላይ ተማሪዎች ሁሉ የሚጠይቁት ነገር አለ። «አም» የአሁን ጊዜ ቃል ሳለ ስለ ምን «ዎዝ» ወደሚባለው ወደ ኃላፊው ጊዜ ተለወጠ? እናቲቱ ድናለችን? አልዳነችም። «ሴድ»፥ ማለት «አለች»፥ ኃላፊ ስለ ሆነ ተከታዩ ግሥ ከእርሱ ጋር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲሁም «ዊል» «ዉድ» ይሆናል፤ «ካን» «ኩድ» ይሆናል፤ «ሃቭ» «ሃድ» ይሆናል። መልእክተኛው «ሴድ» በማለት ፈንታ «ሴዝ» ቢል፥ ይኸውም «ትላለች» ቢል፥ ግሡ ከስፍራው አይነቃነቅም። ዘወትር እውነት የሆነ ነገርም፥ ምድር ፀሐይን ትዞራለች እንደ ማለት ያለው፥ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል።

ከግሡ ይልቅ የቀን ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ነጋዴ ሰኞ ቀን፥ «ገንዘቡን ነገ እከፍላለሁ» አለ እንበል። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። መልእክተኛው ለባለገንዘቡ ሐሙስ ቀን «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ ፔይ ቱሞሮ» ብሎ ቢያደርስ፥ «ቱሞሮ» ማለት ነገ ነውና ባለገንዘቡ ዓርብን ይጠብቃል። ቀጠሮው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ሳለ ገና የሚመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ «ቱሞሮ» በሚለው ፈንታ «ዘ ኔክስት ዴይ»፥ ማለት «በማግሥቱ»፥ ይባላል። መልእክቱ በዚያው በሰኞ ቢደርስ ግን «ቱሞሮ» ሳይለወጥ ቢቀር ነውር የለበትም፤ የሁለቱም ነገ አንድ ነውና። እንዲሁም «ዛሬ» «በዚያ ቀን» ይሆናል፤ «እዚህ» የተባለውም፥ አድራሹ በሌላ ስፍራ ከሆነ፥ «እዚያ» ይሆናል።

ጥያቄ ሲደርስ የጥያቄ ምልክቱ ይቀራል፤ የቃላቱም ተራ እንደ ተራ ንግግር ይሆናል። ትእዛዝ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለቤቱ ዘበኛውን «በሩን አትክፈት» ቢለው፥ በእንግሊዝኛ «ሂ ቶልድ ሂም ኖት ቱ ኦፕን ዘ ጌት» ተብሎ ይደርሳል። አድራሹ «ኖት» የምትባለውን የማፍረሻ ቃል ወደ ፊት አምጥቶ «ሂ ዲድ ኖት ቴል ሂም ቱ ኦፕን ዘ ጌት» ቢል፥ «ክፈት ብሎ አላዘዘውም» ማለት ይሆናል። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ከብት ቢጠፋ፥ በፊተኛው አነጋገር ትእዛዝ አፍርሷል፤ በኋለኛው ግን ሳይታዘዝ ከፈተ እንጂ ትእዛዝ አላፈረሰም። ዳኛ ሁለቱን አንድ አድርጎ አይፈርድም።

የሰው ቃል በጽሑፍ ሳይለወጥ ሲጠቀስ በዛሬ መጻሕፍት በትእምርተ ጥቅስ መካከል ይገባል። በብራና የተጻፉት የግዕዝ መጻሕፍት ይህ ምልክት የላቸውም፤ አንባቢው «ይቤ» ከሚለው ቃል የሌላ ሰው ንግግር እንደሚጀምር ያውቃል። በ1611 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስም ይህ ምልክት አልነበረውም፤ ንግግሩ በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ይታወቅ ነበር። ምልክቱ እንደ ማኅተም ነው፤ በመካከሉ የሚጻፈው ተናጋሪው የተናገረው ቃል ብቻ ነው። ቃሉን በትክክል ያላስታወሰ ሰው በማኅተሙ ፈንታ «ዛት» የሚለውን ይዞ ነገሩን ብቻ ያድርስ።

ተማሪው ይህን አንብቦ ሲያበቃ የሚከተለውን ቃል ወደ ቀጥተኛ ያልሆነ ንግግር ይለውጥ። አንዲት እኅት ለወንድምዋ ቅዳሜ ቀን፥ «እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ፤ ነገ ብቻህን ወንዙን አትሻገር» አለችው። ቃሉ የሚደርሰው ለአባታቸው፥ ረቡዕ ቀን፥ በሌላ መንደር ነው።