ስለ ምሳር፣ ስለ መጋዝና ስለ ሞተር መጋዝ

እንጨት መቍረጥ ትምህርት የሌለበት የጉልበት ሥራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩን ተጠግቶ ለመረመረው ግን ከሳይንስም ከቤት አስተዳደርም ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በአገራችን በእነዋሪ የማየውን መሣሪያ በሌላው ዓለም ከሚሠራበት ጋር በማነጻጸር፣ ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ይጠቅማል ያልሁትን ጥቂት አሳብ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

እነዋሪ በሞረትና ጅሩ ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ ስንዴ፣ ጤፍና ምስር የሚበቅልበት ጥቍር አፈር ነው። ሜዳው እህል ይሰጣል እንጂ እንጨት እንደ ልብ አይሰጥም። ከዚህም የተነሣ በብዙ ቤት የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ በእርሻ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ይሆን የነበረ ስለ ሆነ፣ በነደደ ቍጥር ከመሬቱ ምግብ ይቀነሳል። እንግዲህ ያለውን እንጨት በሚገባ ቈርጦና አድርቆ ማንደድ ለምድጃ ብቻ ሳይሆን ለእርሻም ይጠቅማል ማለት ነው።

ዛሬ በብዛት የምንቈርጠው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የመጣው ከአውስትራልያ ሲሆን፣ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ከማለቁ የተነሣ፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበረ የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ከማደጉም በላይ፣ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልመለስ። ምሳር በእጀታ ላይ የተሰካ ሽብልቅ ነው። የእንጨት ጭረቶች ከሥር ወደ ላይ ተያይዘው ስለሚሄዱ፣ ምሳሩ ጭረቱን ተከትሎ ሲወርድ እንጨቱ በቀላሉ ይፈለጣል። ግንዱን አግድም ለመቍረጥ ግን ጭረቶቹን ሁሉ መበጠስ ስለሚያስፈልግ፣ ጉልበትም ይጨርሳል፣ ብዙ እንጨትም በስንጥር መልክ ይባክናል።

የእጅ መጋዝ ይህን ጉድለት ይሞላል። ጥርሶቹን አስተውላችሁ ብታዩ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ የሚቀጥለው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ታገኙታላችሁ። ይህም የሚደረገው የሚቈረጠው መንገድ ከመጋዙ ውፍረት ጥቂት እንዲሰፋና መጋዙ እንዳይያዝ ነው። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው በሚስቡት ረጅም መጋዝ ሲሠራም፣ እያንዳንዱ ሰው በተራው መሳብ እንጂ መግፋት አይገባውም፤ ቢገፋ ቀጭኑ ብረት ይጣመማል።

ሦስተኛው የሞተር መጋዝ ነው። ሰንሰለት ያለው መጋዝ መጀመሪያ የታሰበው ለእንጨት አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆን አይትከንና ጄምስ ጄፍሬይ የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪሞች አጥንት ለመቍረጥ ትንሽ ሰንሰለታማ የእጅ መጋዝ አሠርተው ነበር። ለእንጨት የሚሆነውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 አንድሬያስ ሽቲል የተባለ መሐንዲስ በጀርመን አገር ሠራ፤ በጣም ከባድ ስለ ነበረ ሁለት ሰው ይይዘው ነበር። በ1927 ኤሚል ሌርፕ በቤንዚን የሚሠራውን አወጣ። በ1940ዎቹ ደግሞ ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቈራጭ፣ አንድ ትል ግራና ቀኝ እየበላ እንጨት ውስጥ ሲገባ ተመልክቶ፣ በዚያ አምሳል የሰንሰለት ጥርስ ፈለሰፈ። በ1959 የሽቲል መጋዝ ክብደት ወደ 12 ኪሎ ያህል ወረደ፤ ዛሬ ደግሞ 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አለ።

ሰንሰለቱ በ1 ሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል። ስለዚህ በምሳር ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን ግንድ በጥቂት ደቂቃ ይጥላል። ነገር ግን ቤንዚን፣ በ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ የሚደባለቅ ዘይት፣ መለዋወጫና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ከሁሉም የሚያስፈራው፣ የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል ከእንጨት ጋር ሲጋጭ መሣሪያው ወደ ያዘው ሰው መፈናጠሩ ነው። ፍሬን የሌለውን መያዝ፣ ያለ መከላከያ ልብስና ያለ ጆሮ መሸፈኛም መሥራት ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በየትኛውም መሣሪያ ቢቈረጥ፣ እርጥብ እንጨት ማንደድ ኪሣራ ነው። አዲስ ከተቈረጠ እንጨት ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ እንጨት ብናነድ፣ 5 ኪሎው ደረቅ ክፍል በግምት 22,500 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ሲሰጥ፣ 5 ኪሎውን ውሃ ለማትነን 3,100 ያህሉ ይጠፋል። ይህም ከ7 እጅ 1 እጅ ያህል መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ ይበዛል፤ ዐይናቸውና ሳንባቸው የሚጐዳውም ምድጃ አጠገብ የሚውሉት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ስለዚህ እንጨቱን ቈርጦና ፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ በሚያገኘውና ዝናብ በማይነካው ቦታ ወራት ማቈየት ይገባል።

እንግዲህ የቱ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጥቂት ባሕር ዛፍ ላለው ቤተ ሰብ፣ ለመቍረጥ በሞረድ የተሳለ የእጅ መጋዝ፣ ለመፍለጥ ምሳር ይበቃዋል። ጉቶውም ልጡ ሳይላጥ፣ ዝናብ እንዲያንሸራትት ዘንበል ተደርጎ ቢቈረጥ ደኅና አድርጎ ያቈጠቍጣል። የሞተር መጋዝ የሚያዋጣው ብዙ ዛፍ ለተከሉ፣ በኅብረት ገዝተው በሠለጠነ ሰው ለሚያሠሩ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። በአንኮበር አጠገብ ባለው በወፍ ዋሻ ደን የሚገኘው ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቈጠቍጥም። አያቶቻችን ሳይወለዱ የበቀለውን ዛፍ የሞተር መጋዝ በደቂቃ ይጥለዋል፤ መልሶ የሚያቆመው መሣሪያ ግን የለም። ስለዚህ አንድ ዛፍ የሚቈርጥ ሁሉ አስቀድሞ ችግኝ ይትከል።