ወተቱ ለሕፃን፣ እበቱ ለመሬት

በኮተቤና በቦሌ ዳርቻ ባሉ መንደሮቻችን ከግንብ አጥር በስተጀርባ የላም ድምፅ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ጧት ጧት ጎረቤት ጆጉን ይዞ ወተት ሊቀዳ ይመጣል። ይሁን እንጂ ከበረቱ ታጥቦ የሚወጣው እበት በቦይ ወርዶ ወንዝ ይገባል፤ በአቃቂ ዳር ደግሞ ጎመንና ሰላጣ የሚለማው በወንዝ ውሃ ነው። በዚህም ምክንያት «ላሞቹ ከሰፈር ይውጡልን» የሚሉ አሉ። ወተት ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችስ ምን ይሁኑ? እኛም ተወያይተን የተረዳነውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

1ኛ/ መኖ፦ ላም ስታመሰኳ በሆዷ ውስጥ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል፤ አብዛኛውም በግሣት ይወጣል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። አሁን እናስላ። ገለባ ብቻ የሚበሉ 10 ላሞች በቀን 2፣ 2 ሊትር ቢታለቡ 20 ሊትር ነው። በደንብ የተቀለቡ 2 ድቅል ላሞች 10፣ 10 ሊትር ቢሰጡም ያው 20 ሊትር ነው። ከ2ቱ የሚወጣው ጋዝ ግን ከ10ሩ እጅግ ያንሳል። ፉሩሽካና ፋጉሎም የወፍጮና የዘይት ተረፈ ምርት በመሆናቸው የሰውን እህል አይሻሙም።

2ኛ/ እበት፦ እበትን ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጦ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ቢያኖሩት ጋዙ ለምድጃ፣ ዝቃጩ ለማዳበሪያ ይሆናል። ግቢው የጠበበው ሰው ከገለባና ከቅጠል ጋር ከምሮ ኮምፖስት ያድርገው።

3ኛ/ ወተት አለማባከን፦ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ወተት ገዢ ያጣል። የተደፋ ወተት የባከነ መኖና የባከነ ውሃ ነው፤ ጋዙም በከንቱ ወጥቷል። ስለዚህ አርግቶና ንጦ ቅቤውን አንጥሮ ማቆየት ይገባል፤ ለፋሲካ ይደርሳል።

እንግዲህ ላሞቹን ማባረር ብክለቱን ወደ ሌላ ሰፈር ያዛውራል፤ የሕፃናቱንም ኩባያ ባዶ ያደርጋል። እኛ ወጣቶች በየቅዳሜው አካፋ ይዘን ለአንዲት ጎረቤታችን የኮምፖስት ጉድጓድ ለመቆፈር ተስማምተናል። እናንተስ?

የመወያያ ጥያቄ፦ በሰፈራችሁ የሚታጠበው እበት ወዴት ይሄዳል? ከታች ያለው ማን ነው?