ስል ነገርን ፎቶግራፍ ማንሳት

ስል ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ማጭድ ስል ነው። ወስፌም ስል ነው። እነዚህን ሰው ይሠራቸዋል። ሰው ያልሠራው፣ ተፈጥሮ ራሷ የሳለችው ስል ነገርም አለ። የጭልፊት ጥፍር፣ የቁራ ምንቃር፣ የግራር እሾህና የኮሸሽላ ቅጠል ከዚህ ወገን ናቸው። በየቀኑ እናያቸዋለን፤ ግን ቀረብ ብለን አንመረምራቸውም። ወፉ ይበራል፤ እሾሁም ይወጋል። ፎቶግራፍ የሚበረውን ያቆምልናል፤ የሚወጋውንም ያቀርብልናል። ዛሬ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር ባለሙያ መሆን የግድ አይደለም።

በአዲስ አበባ ደቡብ ያለውን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን እንመልከት። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ትንሹ አቃቂ ወንዝ ያልፋል። በወንዙ ዳር ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት ጎመንና ሰላጣ ሲያለሙ ኖረዋል። በጀሞና በለቡ በኩል እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ መኖሪያ ቤት ሆኗል። በብዙ ቦታ የእሾህ አጥር ቀርቶ የብሎኬትና የቆርቆሮ አጥር ተተክቷል። እንዲህም ሆኖ ወፎቹ ጨርሰው አልሄዱም። በመብራት ሽቦ ላይና በተረፈው ቁጥቋጦ ውስጥ እናገኛቸዋለን።

ወፍና እሾህ ምን አገናኛቸው?

ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ጅራቷ ረጅም የሆነች ትንሽ ወፍ አለች። በሽቦ ወይም በአጥር ጫፍ ብቻዋን ተቀምጣ መሬቱን ትቃኛለች። ፌንጣ ስታይ ዘላ ትይዛለች። የምንቃሯ ጫፍ እንደ ጭልፊት የታጠፈ ነው፤ እግሯ ግን እንደ ጭልፊት ብርቱ አይደለም። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ያደነችውን ወስዳ በእሾህ ላይ ትሰካውና እየቦጨቀች ትበላለች። የተረፋትንም እዚያው ሰቅላ ታቆየዋለች። በሳይንስ የወፏ ወገን “ላኒየስ” ይባላል፤ በላቲን ቋንቋ ሥጋ ሻጭ ማለት ነው። እሾሁ ለእሷ የሉካንዳ ሜንጦ ነው ማለት ይቻላል።

ኮሸሽላንም እናስተውል። ቅጠሉ ዙሪያውን እሾህ ነው። አበባው ግን እንደ እሳት ቀይ ነው። ቀይ አበባ ያለው ይህ ኮሸሽላ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። ቀጭንና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትናንሽ ወፎች መጥተው የአበባውን ማር ይቀስማሉ። ቅጠሉ የሚበላውን ከብት ይከላከላል፤ አበባው ግን ወፉን ይጠራል።

ቁራን ብዙ ሰው አይወደውም። ሄዶ የቀረን ሰው እንኳ “የቁራ መልክተኛ” እንለዋለን። ነገር ግን ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቁራ የሚኖረው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። በዚያ ወፍራም ምንቃሩ እበት እየበተነ ትል ይለቅማል። ፎቶግራፉን ቀርበን ስናይ ምንቃሩ የምን መሣሪያ እንደሆነ እንረዳለን። ያን ጊዜ ድንጋይ ለማንሳት የሚቸኩል እጅ ቆም ይላል።

እንዴት እናንሳ?

1. ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት እናንሳ፤ ፀሐይንም ከኋላችን እናድርግ። ካሜራ ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃን ሲያንሰው ዓይኑን ብዙ ጊዜ ከፍቶ ይቆያል። በዚያ መሃል እጅ ቢንቀጠቀጥ ወይም ወፉ ቢዞር ሥዕሉ ይደበዝዛል።

2. ስልኩን በሁለት እጅ እንያዝ። ክንዳችንን ከጎናችን እናጣብቅ። ግንድ ወይም ድንጋይ ካለ እንደገፍ።

3. በስልኩ መስታወት ላይ የወፉን ዓይን ወይም የእሾሁን ጫፍ በጣት እንንካ። ካሜራው የነካነውን አጥርቶ ያሳያል።

4. ወፍን አናሳድድ። ራቅ ብለን ዝም ብለን እንቀመጥ፤ ሲለምደን ይቀርባል። ጎጆውን ግን ፈጽሞ አንጠጋ። እናቲቱ ደንግጣ ከሄደች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ጫጩቱም ለጠላት ይጋለጣል።

5. ቁልቋል ስናነሳ ቅርንጫፉን አንስበር። ወተቱ ዓይን ውስጥ ቢገባ ክፉ ጉዳት ያደርሳል።

ፎቶግራፍ ያለ ጽሑፍ ዲዳ ነው

ፎቶግራፉ ከተነሳ በኋላ ዋናው ሥራ ይቀራል። እሱም መጻፍ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ብለን በደብተር እንጻፍ፦ “ጥር 12 ቀን፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ላፍቶ፣ ወንዙ አጠገብ። ጥቁርና ነጭ ወፍ ፌንጣ በቀጋ እሾህ ላይ ሰክታ ስትበላ።” ዓመተ ምሕረቱንም እንጨምር። ቀኑና ቦታው ያልተጻፈ ሥዕል ከጊዜ በኋላ ያነሳው ሰው ራሱ እንኳ የት እንደነበረ ይጠፋዋል።

ይህ ትንሽ ነገር አይምሰለን። በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ስለ እነሱ ሲያጠናና ሲያስተምር ቆይቷል። ነገር ግን አጥሩ ሥር ያለውን ቀጋ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። ቀጋው ተቆርጦ ግንብ ሲቆም፣ ወፏ ሥጋዋን የምትሰቅልበት ታጣለች። ነገ ልጆቻችን “እዚህ ምን ነበር?” ብለው ሲጠይቁ፣ ቀን የተጻፈበት አንድ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ምስክር ይሆናል። ደግሞም ምስክርነቱ ለነገ ብቻ አይደለም። ዛሬ ስለ አጥር ጎረቤት ከጎረቤት ሲመካከር፣ ከእሾሁ ጥቂቱ እንዲቀር ለመነጋገር ያገለግላል።

ጥያቄዎች

1. ጥቁርና ነጯ ወፍ ያደነችውን በእሾህ ላይ የምትሰካው ለምንድን ነው?
2. ብርሃን ሲያንስ ፎቶግራፍ ለምን ይደበዝዛል?
3. በፎቶግራፍ ሥር ምን ምን መጻፍ አለበት?
4. በአካባቢያችሁ አጥር ላይ ምን ዓይነት እሾሃማ ተክል አለ? በየትኛው ወር ያብባል? ምን ወፍ ይመጣበታል? ተወያዩበትና ጻፉ።