የሚያመዛዝን ድርሰት፦ አዲሱን የቁልፍ አደራደር ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፣ ባለፉት ትምህርቶች ተራኪና ገላጭ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ አይታችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን በቅደም ተከተሉ ይነግራል፤ ገላጭ ድርሰት ያለውን እንዳለ ያሳያል። የሚያመዛዝን ድርሰት ከሁለቱ ይለያል። በዚህ ድርሰት ጸሐፊው የሁለት መንገዶችን ጥቅምና ጉዳት መርምሮ የትኛውን እንደሚመርጥና ስለ ምን እንደሚመርጥ ያስረዳል። ምክንያቱ ያልተገለጸ ውሳኔ ምኞት እንጂ ፍርድ አይባልም።

ለ. የሚመዘነው ጉዳይ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ኮሶዬ የምትኖር አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። ለጎረቤቶቿ ማመልከቻና ደብዳቤ የምትጽፈው በእጅ ስልኳ ነው። በስልኩ ላይ የግእዝ ፊደላት ራሳቸው ተደርድረው ይታያሉ፤ «ለ»ን ነክታ ከሰባቱ ሆሄያት የምትፈልገውን ትመርጣለች።

በዳባት ከተማ የሚገኝ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ለክረምቱ ሊቀጥራት ፈቀደ። ክፍያው በገጽ ነው። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ከተማ ገብታ ስትማር ለምትከራየው ክፍል ገንዘቡ ያስፈልጋታል። ነገር ግን በዚያ ቤት ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው በሌላ አደራደር ነው። በቁልፎቹ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ሲሆኑ አማርኛው የሚጻፈው ድምፅን በመከተል ነው፤ «ሉ»ን ለማግኘት «ኤል»ንና «ዩ»ን አከታትሎ መምታት ያስፈልጋል። ይህን አደራደር ትማር? ወይስ የለመደችውን ይዛ ትቅር?

ሐ. ለመመዘን የሚረዳ ዕውቀት

ያላወቁትን ነገር መመዘን አይቻልም። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ስለ ጉዳዩ መረጃ ሰብስቡ።

ሠላሳ ሦስቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ሆሄያት ይሆናሉ። የላቲን ፊደላት ግን 26 ብቻ ናቸው። ለእነርሱ በተሠራ መኪና አማርኛ መጻፍ አስቸጋሪ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ሆሄያቱ ሁሉ በአንድ መኪና ላይ ስለማይበቁ፣ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የፊደሉ አካል በአንድ ቁልፍ፣ የድምፁ ምልክት በሌላ ቁልፍ እየተመታ ይቀጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በተለያየ አደራደር ቢጽፉም፣ ሁለቱም በዩኒኮድ እስከ ተጠቀሙ ድረስ የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ነው። አደራደር መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም።

የሌላው ዓለም ታሪክም ያስተምራል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የእንግሊዝኛ አደራደር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ነው። ኦገስት ድቮራክና ባልንጀራው ጣትን ያሳርፋል ያሉትን ሌላ አደራደር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1936 የባለቤትነት መብት አገኙ። ይሁን እንጂ መኪናዎቹም ጸሐፊዎቹም በአሮጌው የተለማመዱ ስለ ነበሩ አዲሱን የተከተሉት ጥቂቶች ናቸው።

መ. ምሳሌ ድርሰት

ልጅቱ የሚከተለውን ጻፈች እንበል።

«በስልኬ ስጽፍ የምፈልገውን ፊደል በዐይኔ አየዋለሁ። በኮምፒውተሩ ላይ ግን ጠ፣ ጨና ጰ የትኛው ቁልፍ ሲመታ እንደሚመጡ ማጥናት ይኖርብኛል፤ ላቲን ለእነዚህ ድምፆች የራሱ ፊደል የለውምና። «ሠ»ንና «ሰ»ን ለመለየትም ድምፁ ብቻውን አይመራኝም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዘገያለሁ፤ ክፍያው በገጽ ስለሆነም የማገኘው ገንዘብ ያንሳል።

በአንጻሩ ስልክ በአውራ ጣት እንጂ በዐሥር ጣት አይጻፍበትም። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይወጣኝ ይሆናል፤ ሃያ ገጽ ጽሑፍ ግን ያደክመኛል። አሠሪዬ የስልኬን ዓይነት አደራደር በኮምፒውተሩ ላይ ቢጭንልኝ እንኳ፣ ነገ በሌላ መሥሪያ ቤት ስቀጠር ችግሩ ይመለሳል።

ሁለቱን ሳመዛዝን ጉዳቱ የጥቂት ሳምንታት፣ ጥቅሙ ግን የዘለቄታ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ እማራለሁ። ይሁን እንጂ ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀኝ አልማርም፤ ክረምቱ ሳይገባ በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር እለማመዳለሁ። ሥራው ባይኖር ኖሮ ግን ባልተማርሁ ነበር፤ ለጎረቤት ደብዳቤ ስልኬ ይበቃኛልና።»

ሠ. አስተውሉ

1. ጸሐፊዋ የጀመረችው ውሳኔዋን ከሚቃወመው ምክንያት ነው፤ አሳንሳም አላቀረበችውም። የሌላውን ወገን ምክንያት መደበቅ ሚዛኑን በእጅ እንደ መጫን ይቆጠራል።

2. «በአንጻሩ»፣ «ይሁን እንጂ»ና «ስለዚህ» የተባሉት ማያያዣዎች ሐሳቡ የት እንደሚዞርና የት እንደሚደመደም ያመለክታሉ።

3. «ቢጭንልኝ እንኳ» የሚለው ሐረግ ነገሩ ቢሆንም ውጤቱ እንደማይለወጥ ያሳያል። «ባይኖር ኖሮ … ባልተማርሁ ነበር» የሚለው ግን ከእውነታው ተቃራኒ የሆነውን ሁኔታ ይገልጻል፤ ሥራው አለና ልጅቱ ትማራለች።

4. የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ውሳኔውን በልኩ ይወስነዋል። ለእርሷ የሚበጀው ለሰው ሁሉ ይበጃል አላለችም።

ረ. መልመጃ

1. «ቢ… እንኳ»ንና «ባይ… ኖሮ»ን በመጠቀም ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።

2. ልጅቱ የምትቀጠረው ለሁለት ሳምንት ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሳኔዋ ይለወጥ ነበርን? በአንድ አንቀጽ መልሱ።

3. የዳባቱን ቤት ባለቤት ሆናችሁ፣ ገና ያልለመደች ጸሐፊ መቅጠር ያለውን ጥቅምና ጉዳት አመዛዝኑ።

4. እናንተን ራሳችሁን ያስቸገረ አንድ ምርጫ መርጣችሁ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የማትመርጡትን መንገድ ጥቅም ሳታሳንሱ አስረዱ።