ጋሶል ያልተሰለፈበት ፍጻሜ

እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓን ባስተናገደችው የዓለም ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ስፔን እስከ ፍጻሜው አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም። ቡድኑ የሚዞረው በፓው ጋሶል ዙሪያ ነበር። ይህ ረጅም ተጫዋች በውድድሩ በአማካይ 21 ነጥብ ሲያስቆጥር ከ9 በላይ ሪባውንድ ይሰበስብ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ላይ አርጀንቲናን 75 ለ 74 ሲረቱ ግን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የግራ እግሩ አጥንት ተሰበረ። ከአንድ ቀን እረፍት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን በሳይታማ፣ የምትጠብቃቸው ግሪክ ነበረች። ያቺው ግሪክ ሌብሮን ጄምስንና ድዌይን ዌድን ያሰለፈችውን አሜሪካን 101 ለ 95 አሸንፋ የመጣች ናት። ፍጻሜው 70 ለ 47 በስፔን አሸናፊነት አለቀ። ለስፔን የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ነበር።

ይህ ጨዋታ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ እልሁ ነው። ተጫዋቾቹ «ፓውም ይጫወታል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ነበር። አሰልጣኙ ፔፑ ኤርናንዴዝም በዋዜማው አባታቸው ማረፋቸውን ሰምተው፣ ልጆቹ እንዳይረበሹ ብለው ሐዘናቸውን ደብቀው ወደ ሜዳ ገቡ። ልብ የሚነካ ታሪክ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን እልህ ሰውን ያስሮጣል እንጂ አሜሪካ ላይ 101 ነጥብ ያስቆጠረን ቡድን 47 ላይ አያስቆምም። ለዚያ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

መጀመሪያ የጎደለውን ነገር እንለካው። እግር ኳስ ለለመደ ዓይን አንድ ኮከብ ሲጎዳ የሚቀረው ከአሥራ አንድ አንዱ ነው። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ያው ሰው ያጠቃል፣ ያው ሰው ይከላከላል። በዓለም አቀፉ ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነውና አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚያከፋፍለው 200 ደቂቃ አለው። ኮከቡ 30 ወይም 35 ደቂቃ ይዞ ከሄደ አሰልጣኙ ያንን ለሌሎቹ መደልደል አለበት፤ ይህ ቀላሉ ነው። የጎደለውን 21 ነጥብ ለሦስት ሰው ሰባት ሰባት አድርጎ ማካፈልም ወረቀት ላይ ያምራል። ሜዳ ላይ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም የኮከቡ ዋጋ በስሙ ከተመዘገበው ነጥብ ይሰፋል።

አንድ ጥቃት ቀርበን እንይ። ጋሶል በግራ በኩል ከቅርጫቱ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል። አንድ ተከላካይ ብቻውን እንደማይችለው ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሌላው ተከላካይ የራሱን ሰው ጥሎ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ይጠጋል። በዚያች ቅጽበት ጥግ ላይ የቆመው የስፔን ተኳሽ ነጻ ይሆናል። ኳሱ በአንድ ቅብብል ይደርሰዋል፣ እግሩን አስተካክሎ፣ ፊቱ ላይ እጅ ሳይዘረጋበት ይወረውራል። ሦስት ነጥብ። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የተኳሹ ስም ነው፤ ክፍት ቦታውን የፈጠረው ግን ጋሶል ነው፤ አንዳንዴም ኳሷን ሳይነካት። አሁን እሱን ከሜዳው እናውጣው። ያው ተኳሽ፣ ያው ጥግ፣ ያው ክንድ አለ፤ ተከላካዩ ግን ጥሎት የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ኮከብ ሲቀር የእሱ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹም የማስቆጠር ዕድል ይቀንሳል። «የቀሩት ትንሽ ጨምረው ይተኩሱ» የሚለው ምክር የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚጨምሩት ውርወራ ድሮ ያልወረወሩት፣ ከባዱ ነው።

ታዲያ ስፔን ምን አደረገች? ሁለት ነገር።

አንደኛው መከላከል ነው። ክፍት ውርወራ የመፍጠር ችሎታ በሁለት ቀን አይገኝም። መከላከል ግን በአብዛኛው የእግር ሥራ፣ የመነጋገርና የመስማማት ጉዳይ ስለሆነ አምስት መካከለኛ ተጫዋቾች በአንድ ምሽት ከወትሮው እጅግ ሊሻሉበት ይችላሉ። በማጥቃቱ ብዙ ሸክም የሌለበት ተቀያሪ ጉልበቱን ሁሉ እዚያ ላይ ያፈሳል፣ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ስፔን የግሪክን ጋርዶች ገና ኳሱን ይዘው ሲመጡ ጀምሮ አላስተነፈሰቻቸውም። ቅርጫት ስር ደግሞ ከግዙፉ ሶፎክሊስ ሾርትሳኒቲስ ጋር ከተጋፉት አንዱ የፓው ታናሽ ወንድም ማርክ ነበር፤ ያኔ ገና የ21 ዓመት ወጣት። እረፍት ሲወጡ ውጤቱ 43 ለ 23 ነበር። በሃያ ደቂቃ 23 ነጥብ ብቻ ላስቆጠረ ቡድን፣ ተጋጣሚው ኮከብ ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው፣ ጋሶልን የሚመስል ሰው ፍለጋ አለመሄዳቸው ነው። ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ይሳሳታል፤ ተተኪውን በኮከቡ ቦታ አቁሞ የኮከቡን ጨዋታ ያስጫውተዋል። ስፔን የነበራት ሌላው ትልቅ ሰው ሆርሄ ጋርባሆሳ ከሩቅ የሚተኩስ ነበር። እሱን ተከትሎ የሚወጣ የግሪክ ረጅም ተከላካይ ቅርጫቱን ጥሎ መሄዱ ነው፤ ካልወጣ ደግሞ ሦስት ነጥብ ይቆጠርበታል። ክፍት ቦታው ድሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈጠር ነበር፤ አሁን ከውጭ ወደ ውስጥ ተፈጠረ። ጋርባሆሳና ሁዋን ካርሎስ ናቫሮ እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ አስቆጠሩ። በእኔ ግምት የድንገቴው ነገርም ስፔንን ጠቅሟል። ግሪኮች ለዝግጅት የሚያዩት የስፔን ቪዲዮ ሁሉ ጋሶል ያለበት ነው፤ ፍጻሜው ላይ የገጠማቸው ቡድን ግን በቪዲዮ ያልነበረ ነው።

ኮከቡ በድንገት ሲጎዳና ቀድሞ «ዘንድሮ አልመጣም» ሲል ችግሩ አንድ አይደለም። ለሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ ሰርቢያ ናት። ኒኮላ ዮኪች እ.ኤ.አ. በ2023 ከዴንቨር ጋር የኤንቢኤ ዋንጫ ካነሳ በኋላ በዚያው ክረምት በተካሄደው የዓለም ዋንጫ አልተሰለፈም። የዮኪች ጉዳይ ከጋሶልም ይከብዳል፤ እሱ ሴንተር ሆኖ ሳለ የቡድኑ ዋና አቀባይ ነው፤ ጥቃቱ ሁሉ በእጁ ያልፋል። አሰልጣኙ ስቬቲስላቭ ፔሺች ግን ሳምንታት ነበሯቸው። ሴንተሩን ኒኮላ ሚሉቲኖቭን እንደ ዮኪች አቀብል አላሉትም፤ ስክሪን ያቆማል (በቆመበት የተከላካዩን መንገድ ይዘጋል)፣ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፣ ሪባውንድ ይለቅማል፣ በቃ። የጨዋታው አእምሮ ወደ ጋርዶቹ፣ በተለይ ወደ ቦግዳን ቦግዳኖቪች ተዛወረ። ሊትዌኒያን 87 ለ 68፣ ካናዳን 95 ለ 86 አሸንፈው ማኒላ ላይ ፍጻሜ ደረሱ፤ እዚያ በጀርመን 83 ለ 77 ተሸነፉ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት በአውሮፓ ዋንጫ፣ ዮኪች 32 ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ፣ በጣሊያን 94 ለ 86 ተረትተው ከ16ቱ ቡድኖች ዙር ተሰናብተው ነበር።

ከዚህ ተነስቶ «ያለ እሱ ይሻላሉ» የሚል አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም። የብሔራዊ ቡድን ውድድር ከዘጠኝ ጨዋታ አይበልጥም፣ ጥሎ ማለፉ ከተጀመረ በኋላ አንድ መጥፎ ምሽት ሁሉን ያፈርሰዋል፤ በዚህ ቁጥር ላይ ሕግ አይሠራም። በዚያው በ2023 ውድድር ኮከቧ ያኒስ አንቴቶኩምፖ ያልነበረባት ግሪክ ሩብ ፍጻሜ እንኳ አልደረሰችም። ልዩነቱ የቀሩት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ሰርቢያ ከዮኪች በታች ኳስ ይዞ ጨዋታ የሚፈጥር ሰው አልጠፋባትም፤ ግሪክ ግን ከያኒስ ሌላ ልምድ የነበራቸው ጋርዶቿም ጎድለውባት ነበር። ጋርዶቹ በቦታቸው ካሉ ረጅሙ ሰው ቢቀርም ቡድን ይቆማል፤ ሁለቱም ሲጎድሉ ግን የሚከፋፈል ሸክም እንጂ የሚሸከም ትከሻ አይገኝም።

ክለብ ቢሆን አሰልጣኙ ገበያ ወጥቶ ተተኪ ይገዛል። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ግን ካለው ሌላ የለውም፣ 12 ሰው መርጦ በሳምንታት ልምምድ ውድድር ይገባል። የሚገርመው፣ አሁን ያለው የማጣሪያ ሥርዓት ሳይታሰብ ለዚህ ችግር መለማመጃ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታዎች በከፊል በኖቬምበርና በፌብሩዋሪ፣ ማለትም የኤንቢኤ ውድድር በሚካሄድበት ወቅት ይደረጋሉ። ትልልቆቹ ኮከቦች አይለቀቁም። ስለዚህ ብዙ አገር ወደ ዋንጫው የሚያልፈው በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ተጫዋቾቹ ነው። በእነዚያ ቀዝቃዛ ምሽቶች ኳሱን ማን እንደሚይዝ፣ የመጨረሻውን ውርወራ ማን እንደሚወስድ የፈተነ አሰልጣኝ፣ ኮከቡ በዋንጫው ጊዜ ሲቀርበት ሀ ብሎ አይጀምርም።

የኮከቡ መመለስም የራሱ ሥራ አለው። ኳሱን መያዝ የለመዱት ጋርዶች አሁን ለእሱ መልቀቅ አለባቸው፣ ግን ያገኙትን ድፍረት ሳይጥሉ። ዮኪች በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲመለስ ሰርቢያ ግማሽ ፍጻሜው ላይ አሜሪካን በ17 ነጥብ መርታ ነበር፤ በመጨረሻ 95 ለ 91 ተሸነፈች። በዚያ ምሽት ለሰርቢያ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ግን ዮኪች አልነበረም፤ እሱ 17 ሲያስቆጥር ቦግዳኖቪች 20 አስቆጥሯል። ሰርቦቹ ለነሐስ ሜዳሊያው የገጠሙት ማኒላ ላይ ያሸነፈቻቸውን ጀርመንን ነበር፤ 93 ለ 83 ረቷት። ዮኪች በዚያ ጨዋታ 19 ነጥብ፣ 12 ሪባውንድና 11 አሲስት ነበረው።